የመስክ ሞተር ብስክሌት ማርሽ ሲያስቸግር
(ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎችና ለአጥቢያ አገልጋዮች የተዘጋጀ ትምህርት)

በገጠር አጥቢያዎች የችግኝ ጣቢያን ለመጎብኘት፣ የተጎለበተ ምንጭን ለመቆጣጠር፣ የንብ ቀፎና የአትክልት ሥራን ለመከታተል ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ንብረት አንድ ሞተር ብስክሌት ነው። መኪና የማይደርስበትን መንገድ እርሱ ይደርሳል፤ እርሱ የቆመ ዕለት ደግሞ ጉብኝቱም ክትትሉም አብሮት ይቆማል። ሞተሩን ከሚያቆሙት ብልሽቶች መካከል የማርሽ መቀያየር ችግር ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። ሲጀምር ትንሽ ይመስላል፤ ማርሹ ይከብዳል፣ ይንኳኳል፣ አንዳንዴም አልገባ ይላል። ነጂው በእግሩ ኃይል እያስገደደ ሳምንታትን ያሳልፋል። በመጨረሻ ግን በጥቂት ብር ሊስተካከል ይችል የነበረው ካቦ የፍሪሲዮን ዲስኮችን ያቃጥላል፣ የካምቢዮውን ውስጥ ያበላሻል፤ ወጪውም ኮሚቴው ከመደበው የዓመት በጀት በላይ ሊሆን ይችላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው የሰው ሕይወት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወይም ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍጥነትን የሚገታው ፍሬን ብቻ አይደለም። በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘ ሞተር ራሱ ይገታል። ማርሹ በቁልቁለቱ መካከል አምልጦ ቢወጣ ያ መገቻ በድንገት ይጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የማርሽ ችግር የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የኮሚቴ አባላትን መካኒክ ማድረግ አይደለም። በአጥቢያው ሊስተካከል የሚችለውን ወደ ጋራዥ መሄድ ካለበት ለይቶ ማወቅ፣ ወደ ጋራዥ ሲኬድም ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚጠየቅ መረዳት ነው።

፩. የማርሽ አሠራር በአጭሩ

በአብዛኞቹ የመስክ ሞተሮች ላይ ነጂው በግራ እጁ የፍሪሲዮኑን እጀታ ይጨብጣል፣ በግራ እግሩ የማርሽ ፔዳሉን ያንቀሳቅሳል። አንደኛ ማርሽ ወደ ታች በመርገጥ ይገባል፤ ሌሎቹ ወደ ላይ በማንሳት ይከተላሉ፤ ዜሮ ማርሽ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ይገኛል።

ፍሪሲዮን ማለት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ አገናኝና አለያይ ክፍል ነው። በውስጡ የግጭት ዲስኮችና የብረት ዲስኮች ተፈራርቀው ተደርድረዋል፤ በሞላዎች ኃይልም ተጣብቀው ይያዛሉ። እጀታው ሲጨበጥ ካቦው ይሳባል፣ የሞላው ግፊት ይነሣል፣ ዲስኮቹ ይላላሉ፤ ሞተሩ ቢዞርም ኃይሉ ወደ ካምቢዮው አይተላለፍም። ማርሽ በሰላም የሚቀየረው በዚህች ቅጽበት ነው።

በካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ፔዳሉ ጎድጓዳ መስመር የተቀረጸበትን ከበሮ መሰል ዘንግ ያዞራል። ዘንጉም ሹካ የሚመስሉ ገፊዎችን ይመራል፤ ሹካዎቹ ማርሾቹን ወደ ጎን ይገፋሉ፤ በማርሾቹ ጎን ያሉት ጉጦች በአጠገባቸው ባለው ማርሽ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይቆለፋሉ። እንግዲህ የማርሽ ችግር ምንጩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ከፍሪሲዮኑ፣ ከፔዳሉና ከውጭ ማያያዣው፣ ወይም ከካምቢዮው ውስጥ። የመርማሪው የመጀመሪያ ሥራ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

፪. ከመፍታት በፊት መመርመር

ምንም ብሎን ሳይፈታ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ በደልዳላ ቦታ ላይ፣ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ እየገፋችሁ ማርሾቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ቀይሩ። መግፋቱ አስፈላጊ ነው፤ ጎማው ቆሞ ሳለ የማርሾቹ ጉጦች ፊት ለፊት ሊጋጠሙ ስለሚችሉ ማርሽ ባይገባ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። ይህን ባለማወቅ ደኅናው ካምቢዮ እንዲፈታ ማዘዝ ይከተላል።

ውጤቱ እንዲህ ይተረጎማል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሾቹ በቀላሉ ከተቀያየሩ፣ ሲነሣ ግን ከከበዱ ወይም ከተንኳኩ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አለመለየቱ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶም ሆነ ተነሥቶ በእኩል ከከበዱ፣ ፔዳሉን፣ ማያያዣውንና የካምቢዮውን ውስጥ መጠርጠር ይገባል።

ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ መላሹ ሞላ ተሰብሯል ወይም ፔዳሉ ተጣሞ አካል ይነካል።

ማርሹ በደንብ ገብቶ በጉዞ ላይ አምልጦ ከወጣ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በካምቢዮው ውስጥ ነው።

ማርሹ ገብቶ ሞተሩ እየጮኸ ብስክሌቱ ግን በዚያው ልክ ካልፈጠነ፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

፫. ፍሪሲዮኑ አልለይ ሲል

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። እጀታው ተጨብጦ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ብስክሌቱ ወደ ፊት ይሳባል ወይም ሞተሩ ይጠፋል፤ በቆሙበት ዜሮ ማርሽን ማግኘት ያስቸግራል፤ ማርሽ ሲገባ ከባድ የብረት ድምፅ ይሰማል። በደጋ ማለዳ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ጥቂት መሳብ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፍረዱ።

መጀመሪያ የሚታየው የእጀታው ልልነት ነው። እጀታው ካቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ነጻ እንቅስቃሴ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአምራቹ መጽሐፍ የተለየ ልክ ካስቀመጠ እርሱን ተከተሉ። ልልነቱ ከዚህ ከበዛ እጀታው እስከ መጨረሻ ተጨብጦም ዲስኮቹ አይላቀቁም። በእጀታው ሥር ያለውን ቆላፊ ዳዶ አላልቶ ማስተካከያውን ወደ ውጭ ማውጣት ልልነቱን ይቀንሳል፤ ወደ ውስጥ ማስገባት ይጨምራል። በእጀታው በኩል ያለው ማስተካከያ ካለቀ በታች በሞተሩ በኩል ባለው ይቀጥላል። መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙራችሁ ልልነቱ እንዳልተለወጠ አረጋግጡ፤ ከተለወጠ ካቦው በተሳሳተ መንገድ አልፏል ማለት ነው።

ቀጥሎ ካቦው ራሱ ይመርመር። በእጀታው አጠገብ ክሮቹ ከተበጣጠሱ ጊዜ ሳይሰጥ ይለወጥ። ክሩ ደኅና ሆኖ ሲሳብ ከከበደ በውስጡ አቧራና ዝገት አለ፤ ከላይ ቀጭን ዘይት በጥቂት በጥቂቱ በማንጠብጠብ ከታች እስኪወጣ ማጠብ ይቻላል። ትርፍ ካቦ ከሞተሩ ጋር መያዝ ለመስክ ሠራተኛ ትልቅ ዋስትና ነው።

ሞተሩ ለወራት ቆሞ ከነበረ ዲስኮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሽ አስገቡ፤ እጀታውን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። ጎማው በነጻ መዞር ሲጀምር ዲስኮቹ ተላቅቀዋል። ካልተላቀቁ ወይም ካቦው ተስተካክሎም መሳቡ ከቀጠለ፣ የተጣመመ የብረት ዲስክ ወይም በዲስክ መያዣው ጠርዝ ላይ የተቆፈረ ጎድጓድ ሊኖር ስለሚችል የፍሪሲዮኑ ክዳን በባለሙያ ይከፈት።

የሞተሩ ሚኒሞ ከልክ በላይ ከፍ ማለቱም አንደኛ ማርሽ ሲገባ እንዲንኳኳ ያደርጋል፤ ፍሪሲዮኑን ከመክሰስ በፊት ይህም ይታይ።

፬. ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። በዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ብስክሌቱ ግን አይወጣም፤ አንዳንዴም የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእጀታው ልልነት ጨርሶ መጥፋቱ ነው። ካቦው ሁልጊዜ የተወጠረ ከሆነ ዲስኮቹ በሙሉ ኃይል አይጣበቁም፤ ሲፋተጉም ይቃጠላሉ። እጁን በእጀታው ላይ ጥሎ የመንዳት ልማድም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ልልነቱ ትክክል ሆኖ መንሸራተቱ ከቀጠለ፣ ወይ የዘይቱ ዓይነት ስሕተት ነው፣ ወይ ዲስኮቹ አልቀዋል፣ ወይ ሞላዎቹ ደክመዋል። ዲስክ ሲለወጥ የሞላዎቹም ርዝመት ይለካ፤ አዲስ ዲስክ በደከመ ሞላ ብዙ አይቆይም።

፭. ዘይት፦ የተረሳው ምክንያት

ባለ አራት ምት በሆኑት አብዛኞቹ ሞተሮች አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም ያገለግላል። ባለ ሁለት ምት በሆኑት ግን ከነዳጁ ጋር የሚቃጠለው ዘይት ሌላ፣ የካምቢዮው ዘይት ሌላ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለው አጥቢያ የነዳጁን ዘይት ስለጨመረ ብቻ ካምቢዮውን ያጠጣ እንዳይመስለው።

ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ የዘይቱ ዓይነት ወሳኝ ነው። ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ዘይቶች አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ግጭትን የሚቀንስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ለመኪና የሚጠቅመው ይህ ቅመም የሞተር ብስክሌትን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል። በዚህ ምክንያት በጃፓን በ1998 እ.ኤ.አ. ለባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይት ጃሶ የተባለ ደረጃ ወጣ። በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማው በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» ወይም «ጃሶ ኤም.ኤ. 2» የሚል ምልክት ያለበት ነው፤ «ኤም.ቢ.» የሚለው ግጭቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን አልታሰበም። ግዢ ፈጻሚው ዋጋን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ምልክት አይቶ ይግዛ።

የዘይቱ መጠን ሲለካ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ በደልዳላ ቦታ ይቁም። የመለኪያው ዘንግ ተጠምዝዞ ገብቶ ወይስ ሳይጠመዘዝ ብቻ ተቀምጦ እንደሚለካ መጽሐፉ ይናገራል፤ አንዱን በሌላው መተካት የተሳሳተ ልክ ይሰጣል። ያነሰ ዘይት ማርሽን ያደርቃል፤ የበዛ ዘይትም ይጎዳል።

ዘይት ሲለወጥ የወጣውን አሮጌ ዘይት ሳታዩ አትድፉት። በመድፊያው ብሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ጥቂት ግራጫ ዱቄት ቢገኝ የተለመደ መፋቅ ነው። የብረት ስባሪ ወይም ቅርፊት ከተገኘ ግን አንዱ ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነውና ሞተሩ ከዚያ በኋላ አይነሣ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል፤ በክረምት የሞላ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ይህን መመልከት ግድ ነው። አሮጌውም ዘይት በመሬት ላይ ወይም በምንጭ አጠገብ አይደፋ፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጥ።

፮. ፔዳልና ካቴና

የማርሽ ፔዳሉ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ተሰክቶ በአንድ ብሎን ይጠበቃል። ብሎኑ ሲላላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽም በግማሽ ብቻ ይገባል፤ እንዲሁ ከተነዳ የዘንጉ ጥርስ ይበላል፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ የነበረው ወደ ትልቅ ወጪ ይለወጣል። ብስክሌቱ ወድቆ ከነበረ ፔዳሉ ተጣሞ የሞተሩን አካል እንዳይነካ ይታይ። ከፍታውም ለነጂው ጫማ ይስማማ፤ በክረምት በረጅም ቦት ጫማ የሚነዳ ሰው ፔዳሉ ዝቅ ካለ እግሩን ከሥሩ ማስገባት ይቸገራል፤ ማርሹም በሙሉ ሳይገባ ይቀራል። በፔዳሉ ዙሪያ የደረቀ የመረሬ ጭቃም ብቻውን ፔዳሉን ሊያግድ ይችላል።

ካቴናው ከልክ በላይ ከላላ ኃይሉ በመንገጫገጭ ስለሚተላለፍ የማርሽ ችግር ይመስላል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ የካምቢዮውን መውጫ ኩሽኔታ ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ልልነት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛው ልክ በካቴናው መሸፈኛ ወይም በኋላ ሹካው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ጎማውን እያዞራችሁ ካቴናው በጣም በጠበቀበት ቦታ ላይ ለኩ። ስታስተካክሉም የግራውና የቀኙ ምልክት እኩል ይሁን።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ካቴና አይጸዳ፣ ዘይትም አይቀባ፤ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ካህናት አባቶችም በሞተር ሲጓዙ የቀሚሳቸውን ጫፍ፣ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ሰብስበው ይቀመጡ፤ በካቴናና በጎማ የተያዘ ልብስ ሰውን በቅጽበት ከኮርቻው ያወርዳል።

፯. ማርሽ አምልጦ ሲወጣ

ማርሽ በጉዞ ላይ ራሱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የማርሾቹ ጉጦች ጠርዝ ስለተበላ ወይም ገፊ ሹካው ስለተጣመመ ነው። የከበሮው ማቆሚያ ሞላ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ይህ በአጥቢያ የሚጠገን አይደለም። በአብዛኞቹ ሞተሮች ሹካዎቹን ለማየት የሞተሩ አካል ለሁለት መከፈል አለበት፤ የሥራ ዋጋውም ከመለዋወጫው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ከተከፈተ ሹካዎቹ፣ ጉጦቹ፣ ኩሽኔታዎቹና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹ ሁሉ በአንድነት እንዲመረመሩ ጠይቁ። ማርሽ የሚያመልጥ ሞተር እስኪጠገን ድረስ በቁልቁለት መንገድና በሸክም አይነዳ።

፰. የፍሪሲዮን እጀታ ስለሌላቸው ሞተሮች

አንዳንድ ቀላል ሞተር ብስክሌቶችና ብዙ ባለ አራት ጎማ የመስክ ሞተሮች በእግር የሚቀየር ማርሽ እያላቸው የእጅ ፍሪሲዮን የላቸውም። በእነዚህ ላይ ፔዳሉ ሲንቀሳቀስ ራሱ ፍሪሲዮኑን ይለያል። ስለዚህ ነጂው ጋዙን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ መግፋት ይኖርበታል፤ ጋዝ ይዞ መቀየር ማርሹን ያስጮኸዋል። ማርሹ ከከበደ በሞተሩ ጎን ያለው የፍሪሲዮን ማስተካከያ ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቆላፊው ዳዶ ይላላል፤ ማስተካከያው በመጽሐፉ በተጻፈው አቅጣጫ ቀላል ተቃውሞ እስኪሰማ ይዞራል፤ ከዚያም ጥቂት፣ ብዙውን ጊዜ ሩብ ዙር ያህል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ዳዶው ይጠብቃል። ትክክለኛው ልክና አቅጣጫ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መጽሐፉን ሳያዩ አለመንካት ይሻላል።

፱. የነጂው ልማድና የኮሚቴው ድርሻ

ካምቢዮን የሚያበላሸው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ልማድም ነው። ፍሪሲዮን ሳይለዩ መቀየር፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መጣል፣ በሸክም በሁለተኛ ማርሽ መነሣት፣ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ፣ ሁሉም ሊወገዱ ይገባል። የመጨረሻው ነዳጅ ቢቆጥብም የሞተሩን መገቻ ስለሚያሳጣ ሕይወትን ያስከፍላል።

ኮሚቴው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቢፈጽም ብዙ ወጪ ይድናል።

አንደኛ፦ ለሞተሩ አንድ ኃላፊ ነጂ ይሰየም፤ ሌላ ሰው የሚነዳው በጽሑፍ ፈቃድ ይሁን። የሁሉ የሆነ ሞተር የማንም አይሆንም።

ሁለተኛ፦ መዝገብ ይኑር። የዘይት ለውጥ ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተለወጠ ዕቃ፣ የታየ ምልክት ይጻፍበት።

ሦስተኛ፦ በየሳምንቱ የእጀታው ልልነት፣ የዘይቱ መጠን፣ የፔዳሉ ብሎንና ካቴናው ይታዩ። በአቧራና በጭቃ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ መጽሐፉ ከሚለው ቀን ቀደም ብሎ ቢለወጥ ይመረጣል።

አራተኛ፦ ወደ ጋራዥ ሲኬድ «ማርሹ ተበላሽቷል» ብቻ አይባል። የትኛው ማርሽ፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ በዳገት ወይስ በቁልቁለት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶስ እንዴት እንደሆነ ተጽፎ ይሰጥ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ተመልሶ ከደረሰኙ ጋር ለኮሚቴው ይቅረብ።

ምእመናን ከጥሪታቸው ቆጥረው ያዋጡት ገንዘብ የገዛው ንብረት አደራ ነው። አደራውን መጠበቅ የሚጀምረው እንዲህ ካሉ ትናንሽ ነገሮች፣ ከአንድ ካቦ ልልነትና ከአንድ ብሎን መጥበቅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. የአጥቢያችን ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት ምት? የካምቢዮው ዘይት መጨረሻ የተለወጠው መቼ ነው?

፪. ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ይቀያየራል፤ ሲነሣ ግን ይንኳኳል። በዚህ ትምህርት መሠረት መጀመሪያ ምን እናያለን?

፫. በቀጣዩ በጀት ለጥገናና ለትርፍ ካቦ የተመደበ ገንዘብ አለን? ከሌለ ከየት ይመደባል?

፬. በአካባቢያችን ያሉ አደገኛ ቁልቁለቶች የትኞቹ ናቸው? ነጂያችን በየትኛው ማርሽ ይወርዳቸዋል?